«ቦርዱ ተቃጥሏል» ከማለታችን በፊት፦ ደሴ ላይ የፔሌት ቦይለር ስጠግን ያየሁት

«ቦርዱ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ያናድደኛል። ማሽን እንቢ ሲል፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ፣ ገና ቴስተር እንኳ ሳይወጣ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ቦርድ ማለት ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው፣ ፒያሳ ወጣ ብለህ የምትገዛው ዕቃ ደግሞ አይደለም። ከውጭ ይታዘዛል፣ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ስለዚህ አጎቴ ከደሴ ደውለው «ልጄ፣ ቦይለሩ ሞተ፣ ቦርዱ ነው አሉኝ» ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «ማን ለካው? ስንት ቮልት ተገኘ?» ብዬ ነው። የለካ ሰው አልነበረም። አይተው ነው የፈረዱት።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። አጎቴ ኦስትሪያ ረጅም ጊዜ ኖረው ነው የተመለሱት፤ ይህን ቦይለር ከቤት ዕቃቸው ጋር ጭነው አመጡት። ሁለት ነዳጅ ይወስዳል። አንዱ ፍልጥ እንጨት ነው። ሌላው ፔሌት የሚባለው ነው፣ ሰጋቱራ በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ትንሽ ዘንግ ሲሆን ማለት ነው። የሚሞቀው ውሃ ለሻወር ይሄዳል፣ በየክፍሉ ላሉት ማሞቂያዎችም ይዞራል። ቤቱ ከጦሳ ሥር ነው። የደሴን የክረምት ጭጋግና የጥቅምት ብርድ የሚያውቅ ሰው ለምን እንዳመጡት አይጠይቃቸውም። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፣ ሥራዬም የፋብሪካ ማሽኖች ኤሌክትሪክ ጥገና ነው። ቅዳሜ ሥራ ስጨርስ ሐረጎን ወጥቼ እሄድላቸው ነበር።

የጠየቅኩት ሁለተኛ ጥያቄ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ረድቶኛል። «መቼ ነው እንቢ የሚለው?» አልኳቸው። አጎቴ ትንሽ አሰቡና «ጠዋት ምንም አይልም፣ ማታ ማታ ነው» አሉ። የሞተ ቦርድ ጠዋትና ማታ አይለይም። ይህን ስሰማ ልቤ ከቦርዱ ወደ መብራቱ ዞረ።

ቦይለሩ በፔሌት ሲነሳ የሚያደርገው ነገር ቅደም ተከተል አለው። ፋኑ ይዞራል። ጠመዝማዛው ብረት ትንሽ ፔሌት ወደ ማቃጠያው ስኒ ይገፋል። ከዚያ ማቀጣጠያው ዘንግ ይግላል። ቦርዱ የጭሱን ሙቀት እያየ ይጠብቃል፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ሙቀቱ ካልጨመረ «አልተቀጣጠለም» ብሎ ሁሉን ያቆማል። ስክሪኑ በጀርመንኛ ስለሆነ አጎቴ እያነበቡልኝ ነው የሠራነው። እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን ነገር አለ፦ ጽሑፉ የሚናገረው ያልሆነውን ነገር እንጂ ያልሆነበትን ምክንያት አይደለም።

ማቀጣጠያውን ነቅዬ ለካሁት። 300 ዋት፣ 230 ቮልት ይላል። በስሌት ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) 176 ኦም አካባቢ መሆን አለበት፣ እሱም ያንን አሳየ። ጤነኛ ነው። ከዚያ ማታ እስኪሆን ጠበቅን። ቴስተሩን ከማቀጣጠያው ገመድ ጋር አያይዤ ቦይለሩን አስነሳሁት፦ 195 ቮልት። ይነሳል። ቀጥሎ አክስቴን «እስቲ ምጣዱን ይሰኩልኝ» አልኳቸው። ወዲያው 170 ቮልት ወረደ።

የዘንጉ ሙቀት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬ ነው የሚወርደው። ከ230 ወደ 170 ሲወርድ የ300 ዋቱ ዘንግ የሚሰጠው ወደ 165 ዋት ብቻ ነው። ግማሽ በለው። ዘንጉ ይቀላል እንጂ ፔሌቱን በሰዓቱ አያቀጣጥልም፣ ቦርዱም የታዘዘውን አድርጎ ያቆማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ የሚበላ ዕቃ ነው፣ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው፣ እና የቤቱ መስመር ሁለቱን በአንድ ገመድ ነበር የተሸከመው። መስመሩን ተከትዬ ስሄድ ኮርኒስ ውስጥ መገናኛ ሳጥን አገኘሁ። ገመዶቹ በእጅ ተጠማዘው በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ቀልጦ ከገመዱ ልባስ ጋር ተጣብቋል፣ መዳቡም ጠቁሯል። ቦይለሩን እርሱት፣ ያ ቦታ ቤት ያቃጥል ነበር!

ለምጣዱ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ብሬከር ያለው ወፈር ያለ ገመድ ዘረጋን። ቦይለሩ ላይ ደግሞ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ገባ፣ ምክንያቱም የራሳችን ምጣድ ቢለይም የሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ማታ ማታ አንድ ላይ ነው የሚሰካው። የማታው ችግር በዚሁ ቆመ።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጣው ቦይለሩ በደንብ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ውሃው ሳይሞቅ ቶሎ ያቆም ጀመር። ስክሪኑ 77 ዲግሪ ይላል፣ ሻወሩ ግን ለብ ያለ ነው። የውሃውን ሙቀት ለቦርዱ ከሚነግረው ሴንሰር አጠገብ ቧንቧው ላይ ቴርሞሜትር አስሬ በጨርቅ ሸፈንኩት፦ 62። ማን ነው የሚዋሸው?

ሴንሰሩ ፒቲ1000 የሚባለው ነው። በ0 ዲግሪ 1,000 ኦም ነው፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 3.85 ኦም ይጨምራል። ሴንሰሩን ራሱ ስለካው 1,240 ኦም አለ፣ ይህም ልክ 62 ዲግሪ ነው። ገመዱን ተከትዬ ቦርዱ ላይ የሚሰካው ጫፍ ላይ ስለካ 1,298። መሃል ላይ 58 ኦም ከየት መጣ? መሃል ላይ አንድ ሶኬት አለ። ፈትቼ ወደ ብርሃን ሳቀርበው የአንደኛው እግር ሥር አረንጓዴ ዱቄት ተቀብቷል፣ መዳብ ሲዝግ የሚያወጣው ነገር። ከላዩ ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ውሃ ያልብ ነበርና ጠብታው እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። 58 ኦም ዝገት፣ 15 ዲግሪ ውሸት። ሶኬቱን ቆርጬ አወጣሁት፣ ገመዱን በሊድ (ቀልጦ ገመድ በሚያያይዘው ብረት) አያይዤ ሙቀት በሚጨምቀው ፕላስቲክ ሸፈንኩት፣ መጋጠሚያውንም አጠበቅን።

ሌላ ዓይነት ሴንሰር ያላችሁ ተጠንቀቁ። ኤንቲሲ የሚባለው ሲሞቅ ኦሙ የሚቀንስ ነው፣ ስለዚህ በእሱ ላይ የዛገ ሶኬት ውሃውን ከእውነቱ ይበልጥ ቀዝቃዛ አስመስሎ ያሳያል። ያ ይበልጥ አደገኛ ነው፣ ቦርዱ ገና አልሞቀም ብሎ እሳቱን ይቀጥላል።

ስለ ሴንሰር መፈተሽ አንድ የደሴ ጉዳይ አለ፣ በየትኛውም ማኑዋል ላይ አላየሁትም። ፒቲ1000ን ለመፈተሽ ቀላሉ መንገድ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክሮ 1,000 ኦም ማየት፣ ቀጥሎ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ 1,385 ማየት ነው ይባላል። 1,385 ግን 100 ዲግሪ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሴንሰር ደሴ ላይ ድስት ውስጥ የሚያሳየው ወደ 1,355 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሴንሰር ይጥላል። ኮምቦልቻ ወርደህ ብትፈትሸው ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከተማዋ ዝቅ ስለምትል።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። የደሴ አየር በባሕር ወለል ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ ፋብሪካው ባዘዘው ፍጥነት ቢዞርም የሚያስገባው ኦክሲጅን ያንሳል፣ ፔሌቱ ግን በፋብሪካው ልክ ይገፋል። ውጤቱን በመስታወቱ ማየት ይቻላል፦ እሳቱ ሰነፍ፣ ብርቱካናማና ጫፉ የሚያጨስ፣ መስታወቱ በአንድ ሌሊት በጥላሸት ጥቁር። ጥላሸቱ በጭሱ መንገድ ላይ ያለውን የኦክሲጅን ሴንሰር ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ስክሪኑ «የሴንሰር ስህተት» ይላል፣ ሰው ደግሞ ሴንሰር ሊገዛ ይሄዳል። እኛ መጀመሪያ የነበሩትን ቁጥሮች በሙሉ ደብተር ላይ ጻፍን። ከዚያ ጠመዝማዛው የሚገፋበትን ጊዜ በጥቂቱ ቀነስን፣ ፋኑን በጥቂቱ ጨመርን፣ አንዱን ቀይረን እሳቱን እያየን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሳንነካ። እሳቱ ነጣ ብሎ ቀጥ ሲል ተውነው። የቦይለሩ ጉልበት ትንሽ ቀንሷል፣ እሱ የሚጠበቅ ነው።

በእንጨት ሲሠራ ያስቸገረን ግን ኤሌክትሮኒክስ አልነበረም። በክረምት ምድጃው በፍልጥ ሞልቶ ሳለ «ነዳጅ አልቋል» ይል ነበር። ቦርዱ እንጨት አያይም። የሚያየው የጭሱ ሙቀት መውረዱንና ኦክሲጅኑ መብዛቱን ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ አልቋል ይላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ልክ ይህንኑ ያደርጋል፣ ሙቀቱ ሁሉ ውሃውን ለማትነን ያልቃል። ለእንዲህ ያለ ቦይለር የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። ተፈልጦ፣ ከዝናብ ተከልሎ፣ ነፋስ እያገኘ አንድ በጋ ያሳለፈ እንጨት ማለት ነው። አጎቴ አሁን የዘንድሮውን ለከርሞ ነው የሚገዙት።

አሁን ወደ ቦርዱ ልምጣ፣ እሱም ነገር ነበረበት። አልፎ አልፎ ማቀጣጠያው ጭራሽ አይግልም ነበር። ሪሌዩ፣ ማለትም ቦርዱ የሚያዘው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቀጭ ሲል ይሰማል፣ መውጫው ላይ ግን ቮልት የለም። በጠመንጃ መፍቻ የፕላስቲክ እጀታ ሪሌዩን ቀስ አድርጌ ስነካው ቮልቱ መጣ። መብራቱን ከብሬከሩ አጠፋሁ፣ ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙት ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ጠበቅሁ፣ ቦርዱን አውጥቼ ጀርባውን በማጉያ መነጽር አየሁት። ከሪሌዩ እግሮች በአንዱ ዙሪያ ሊዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀለበት አለ፣ ሙሉ ክብ። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ኖሮ ተሰንጥቋል። የድሮውን ሊድ መጥጬ አዲስ አስገባሁ፣ የሌሎቹን ከባድ ሪሌዮች እግሮችም አደስኩ። ወጪው የሊድ ነው። አዲስ ቦርድ ቢታዘዝ ኖሮ ማታ በ170 ቮልት፣ በዛገ ሶኬትና በፋብሪካው ቁጥር እንደገና «ተቃጥሏል» ይባል ነበር።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቦይለሩ ላይ ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ሁሉን የሚቆርጥ፣ በእጅ ተጭነው ካልመለሱት የማይመለስ ትንሽ ቴርሞስታት አለ። አንዳንዱ ሰው «እሱ ነው የሚያስቸግረው» ብሎ ሁለቱን ገመድ ያገናኛል። በጭራሽ አታድርጉት። ከቆረጠ ለምን እንደሞቀ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ፓምፑ ቆሟል ወይም አየር ገብቷል።

የእኛ አገር ትልቁ ፈተና መብራት ሲጠፋ ነው። በፔሌት ጊዜ ስኒው ውስጥ ያለው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል። በእንጨት ጊዜ ግን ምድጃው ሙሉ ነው፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ሙቀቱ መሄጃ ያጣል። ለዚህ ተብሎ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስገባ ቫልቭ አለው፣ እሱ ግን የቧንቧ ውሃ ሁልጊዜ አለ ብሎ ነው የተሠራው። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ቫልቩን ከጣሪያው ሮቶ ጋር አገናኘነው፣ ያ ሮቶም ለሌላ ነገር እንዳይቀዳ ተለየ። ፓምፑ ብዙ አይበላም፣ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይር ኢንቨርተር ይዞራል። ኢንቨርተሩ ግን ንጹሕ ሳይን ሞገድ፣ ማለትም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ፣ የሚሰጥ ይሁን። ርካሹን ሞክረነው ፓምፑ ያጉረመርም ነበር፣ ፋኑም ፍጥነቱን መጠበቅ አቃተው፣ ምክንያቱም ቦርዱ የፋኑን ፍጥነት የሚቆርጠው ሞገዱ ዜሮ የሚነካበትን ቅጽበት እየጠበቀ ነው።

የመጀመሪያዎቹንና የአሁኑን ቁጥሮች በአማርኛ ጽፈን በፕላስቲክ አሽገን የቦይለሩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍናቸው፣ ከጎናቸውም ማቀጣጠያው 176 ኦም፣ ሴንሰሩ በሚፈላ ውሃ 1,355 ብለን አሰፈርን። ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ ማንም ይሁን፣ እነዚህን ለክቶ ይጀምር። መለዋወጫ ሆነው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡት አንድ ማቀጣጠያ፣ አንድ ፒቲ1000፣ ሁለት ሪሌይና ጥቂት ፊውዝ ናቸው። የቀረኝ ሥራ ግራውንዱ ነው፤ የቤቱ ግራውንድ ዘንግ ድንጋያማ መሬት ላይ ስለተቀበረ መሬቱ በበጋ ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ወደ ጓሮው ለም አፈር አዛውረዋለሁ።