ክር የሚበላውን ብረት አልማዝ ማልበስ፦ ሦስተኛው ሙከራዬ

ነገሩ የጀመረው በአንዲት የሹራብ ማሽን ክር መምሪያ ነው። ትንሽ የብረት ቀለበት ናት። ክሩ በውስጧ እያለፈ ወደ መርፌው ይሄዳል። ያመጡልኝ እዚሁ ጎንደር ሹራብ የሚሠሩ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ክር ብረት ቆረጠ ብል ማን ያምነኛል?» አሉኝ። ቀለበቷን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳያት እውነታቸውን ነው። ውስጧ በመጋዝ የተገዘገዘ ይመስላል። ክሩ እዚያ ቦይ ውስጥ እየገባ ይበጠሳል።

የምሠራው አዘዞ መንገድ ላይ ባለ ቶርኖ ቤት ነው። እኛ ጋ የተለመደው መፍትሔ አዲስ ቀለበት መቅረጽ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው ቦይ ይመጣል። ለምን እንደሆነ ሳጣራ ምክንያቱን ክሩ ውስጥ አገኘሁት። ሰው ሠራሽ ክር ሲመረት ማብለጭለጩ እንዲቀንስ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ይጨመርበታል። ቀለም ውስጥ የሚገባው ያው ዱቄት ነው። በዓይን አይታይም፣ ግን ብረት ይሞርዳል። ክሩ በእጅ ሲይዙት ለስላሳ ነው። ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ ሲያልፍ ግን ሞረድ ነው።

ትልልቆቹ የፈትል ፋብሪካዎች ይህን ችግር ከፈቱት ቆይተዋል። አንዳንድ የመፍተያ ማሽኖች ውስጥ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ጽዋ መሳይ ዕቃ አለ። እሱን የሚያለብሱት ኒኬልና የአልማዝ ዱቄት ቀላቅለው ነው። ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኒኬል ጨው ያለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ሶዲየም ሃይፖፎስፋይት የሚባል ፎስፈረስ ያለበት ጨው ይገባል። እሱ ለኒኬሉ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ኒኬሉም ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ ያወጡት አብነር ብሬነርና ግሬስ ሪደል ናቸው። ለእኔ ሥራ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በኤሌክትሪክ ሲለበጥ ጠርዙ ይወፍራል፣ የቀዳዳው ውስጥ ይሳሳል። በዚህኛው ግን ውሃው የደረሰበት ቦታ ሁሉ እኩል ይለብሳል። እኔ የምፈልገው ደግሞ የቀዳዳውን ውስጥ ነው። አልማዙ ፋብሪካ የተመረተ ነው። የተጠቀምኩት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) የሆነውን፣ ለሊትር 5 ግራም ነው። ዱቄቱ በውሃው ውስጥ ሲንሳፈፍ እያደገ ያለው ኒኬል ይይዘዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ በጥቅምት ነበር። ልባሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ጥፋቱ የጽዳት ነው። በቤንዚን ጠርጌ «ጸድቷል» አልኩ። አሁን በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ አጥባለሁ፣ እለቀልቃለሁ፣ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነክሬ እንደገና እለቀልቃለሁ። ከዚያ ውሃው ብረቱ ላይ እንዴት እንደሚተኛ አያለሁ። ሳይቆራረጥ ሁሉንም ከሸፈነ ንጹሕ ነው። ጠብ ጠብ ብሎ ከተሰበሰበ ቅባት አለ ማለት ነው፣ ወደ ሶዳው ይመለሳል። ከመጨረሻው መለቅለቅ በኋላ አየር ላይ አይቆይም፤ እርጥብ እንዳለ ወደ መንከሪያው ይገባል።

ሁለተኛው በኅዳር። ይኼኛው ብዙ ዋጋ አስከፈለኝ። ልባሱ ጥሩ ጀምሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ማማሰያው ቆመ፣ አልማዙ ታች ተቀመጠ። መብራቱ ሲመለስ ማሞቂያው ያንን የተከማቸ ዱቄት ከሥር መታው። ኒኬሉ ቀለበቷን ትቶ በዱቄቱ ላይ መለጠፍ ጀመረ። ውሃው ጠቆረ፣ አረፋ ደፈቀ፣ በቃ አበቃ። እያንዳንዷ ቅንጣት ለኒኬሉ ማረፊያ ልትሆን ትችላለች። ዱቄት የገባበት ውሃ ካልገባበት ይልቅ ለመበላሸት ቅርብ የሆነው ለዚህ ነው።

«መብራት ከጠፋ በከሰል አሙቀው» ያለኝ ሰው ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከውሃው የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ይይዛል። በሩንም መስኮቱንም ከፍቼ ነው የምሠራው። ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ያለቀውን ውሃ ደግሞ በክዳን ጀሪካን አስቀምጣለሁ። ኒኬል መርዝ ነው፣ ቀሃ ወንዝ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።

አንድ የጎንደር ነገር ልንገራችሁ። መመሪያዎቹ ውሃው ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ይሁን ይላሉ። ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ይህ ከመፍላት በብዙ ይርቃል። እኛ ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፤ ውሃ የሚፈላልን 93 አካባቢ ነው። 90 ላይ ስይዘው ለመንተክተክ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ውሃውም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ 86 ላይ አስቀመጥኩት። የጎደለውን በተጣራ ውሃ እሞላለሁ። ይህን ከመለዋወጫ ሱቅ ነው የምገዛው። የባትሪ ውሃ ስትሉ አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ግን ጠይቁ።

ሦስተኛው ሙከራ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ነበር። ማማሰያዬ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ሞተር ነው። አሁን በባትሪ አሠራዋለሁ፣ መብራት ቢጠፋም ዱቄቱ አይቀመጥም። ቀለበቷን በናይሎን ክር አንጠልጥዬ በየአምስት ደቂቃው አዞርኳት። ካላዞርኳት ላይ የሚውለው ፊቷ አልማዙን ሁሉ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ቆየች። በማይክሮሜትር ስለካት ውጫዊ ዲያሜትሯ 50 ማይክሮን ጨምሯል። ያ ማለት በእያንዳንዱ ጎን 25 ነው።

ሳወጣት ግን ደብዛዛና ሻካራ ነበረች። የአልማዙ ጫፎች ወጥተዋል። እንዲያው ብትገጠም ክሩን ትበጥሰዋለች። አልማዝ በሌለው ኒኬል ውስጥ ግማሽ ሰዓት መልሼ ነከርኳትና ጫፎቹ ተሸፈኑ። ከዚያ በአልማዝ ቅባት ውስጧን በእንጨት አሸሁ። ብዙ ሰው አልማዙን ብቻ ያስባል። እኔም አስብ ነበር። ቅንጣቷን ጨብጦ የሚይዘው ኒኬሉ ነው። እሱ ለስላሳ ከሆነ አልማዙ እንደ ላላ ጥርስ ይነቀላል።

ለዚህ ነው በመጨረሻ ምድጃ ውስጥ ማጋገሩን መዝለል የማይገባው። ኒኬሉ ከውሃው ሲወጣ ጥንካሬው በቪከርስ (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ከ500 እስከ 600 አካባቢ ነው። 400 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ሲቆይ ወደ 900 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ውስጡ ያለው ፎስፈረስ ከኒኬሉ ጋር ተዋህዶ ጠጣር ቅንጣቶች ስለሚፈጥር ነው። አልማዙ በዚህ ሙቀት ምንም አይሆንም። የሸክላ መተኮሻ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ወዳጄ ጋ ወሰድኳት። ይህ የሚሆነው ግን ቀለበቷ ተራ ብረት ስለሆነች ነው። የተጠናከረ ብረት ወይም ሞላ 400 ላይ ቢገባ ጥንካሬውን ያጣል።

ሰሊጥ የሚጨምቁ አንድ አባት የመጭመቂያቸውን ብሎን እንዳለብስላቸው ጠይቀውኛል። እምቢ አልኩ። ዘይቱ ይበላል። የሚለቅ ኒኬልና አልማዝ ሰው ሆድ ውስጥ እንዲገባ አልሠራም።

ቀለበቷ ማሽኑ ላይ ከተገጠመች አምስት ሳምንት ሆናት። ባለፈው እሑድ ፈትቼ በጥፍሬ ዳሰስኳት፣ የሚይዝ ቦይ የለም። እናታችን አራት ቀለበት ጨምረው ሰጡኝ። ሁለቱን በኒኬል ብቻ፣ ሁለቱን ከአልማዝ ጋር አለብሳቸዋለሁ። በአንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ ዓይነት ነጭ ክር ጎን ለጎን ይሠራሉ። በየሁለት ሳምንቱ ፈትቼ እለካቸዋለሁ።