የጋጣው ጣሪያ

አንድ አዛውንት ገበሬ የእርሻ ግቢያቸውን በረዶ እንደለበሰ በዘይት ቀለም እንድሥልላቸው ያዘዙኝ፣ ገና የሰው ትእዛዝ መቀበል በጀመርኩበት ዓመት ነበር። በግቢው ውስጥ ሁለት ቀያይ የእንጨት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛው የላሞች ጋጣ፣ ሌላው የድርቆሽ ማከማቻ ነው። ብርዱ ቀለሙን እያጠነከረ ጣቶቼንም ስላደነዘዘብኝ፣ በቦታው የሠራሁት ንድፉን ብቻ ነበር፤ የቀረውን በሥራ ክፍሌ በትዝታ ጨረስኩት።

በጥላዎቹ በኩል ልቤ ሙሉ ነበር። በጠራ ቀን በረዶ ላይ የሚያርፍ ጥላ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1868 እና 1869 በሣለው የበረዶ ሥዕል ላይ እንዲሁ አድርጎ ሳሎን የሚባለው የፓሪስ ይፋዊ የሥዕል ዐውደ ርእይ ዳኞች ሳይቀበሉት ቀርተዋል፤ ዛሬ ግን ሥዕሉ ፓሪስ ባለው የኦርሴ ሙዚየም ይታያል።

ገበሬው ሸራው ፊት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ፤ ከዚያም ወደ ጋጣው ጣሪያ እያመለከቱ፣ «ላሞቼ የት ሄዱ?» አሉኝ። ሁለቱንም ጣሪያዎች እኩል በወፈረ የታይታኒየም ነጭ ቀለም ሸፍኛቸው ነበር። ከብት ባለበት አሮጌ ጋጣ ግን የላሞቹ ሙቀትና ትንፋሽ ወደ ላይ ወጥቶ በረዶውን ከሥሩ ያቀልጠዋል፤ ውሃው ወደ ክፍክፉ ወርዶ እንደገና ሲረጋ እንደ ዘንግ ይንጠለጠላል። ድርቆሹ ቤት ቀዝቃዛ ስለሆነ በረዶው እንደ ወደቀ ይቆያል። እኔ የሣልኩላቸው ባዶ ጋጣ ነበር።

በማግስቱ ሸራ ሳልይዝ ተመልሼ ሄድኩ። በጋጣው ጣሪያ ላይ በረዶው ሳስቶ ጥቁር እርጥብ ሰንበሮች ይታያሉ፤ በአንዱ ማዕዘን በኩል ጭራሽ አልነበረም። ክፍክፉ ሥር ደግሞ ጥቁር ነው ብዬ የሣልኩት ግድግዳ ሞቅ ያለ ቀይ ሆኖ አገኘሁት፤ ትኩስ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ የሚሆነውን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚመልስ፣ ግድግዳው ከታች ይበራል። ቤቴ ገብቼ ነጩን በቢላ ፋቅሁትና ያየሁትን ሣልኩ።

ገበሬው ዳግም ሲመጡ ጣታቸውን ሸራው ሳይነኩ በበረዶ ዘንጎቹ ላይ አሳለፉና በረዶ የሌለበት ማዕዘን ላይ ሲደርሱ አቆሙ። «ጥጆቹ እዚህ ጋ ነው ተጠጋግተው የሚተኙት» አሉ።