የአክንባሎ ላብ

ዜድኤስኤም-5 የተባለውን ዜኦላይት፣ ማለትም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉትን ክሪስታል፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ ለመሥራት ስነሣ፣ ሐሳቤ እንደ ብዙዎቹ ጄሉን (ክሪስታሉ የሚወጣበትን ዝልግልግ ድብልቅ) በውሃ ውስጥ መቀቀል ነበር። የገታኝ ዋጋው ነው። የክሪስታሉን ቀዳዳዎች ቅርጽ የሚያስይዘው ቴትራፕሮፒልአሞኒየም ሃይድሮክሳይድ ውድ ነው፤ በዚያ ዘዴ ደግሞ ከፊሉ ከውሃው ጋር ይደፋል። ስለዚህ ጄሉን አድርቄ በእንፋሎት ወደ ማብሰል ዞርኩ።

ይህም ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው ቅርጽ አስያዡ ራሱ ከውሃው ጋር ተንኖ ደረቁ ጄል ውስጥ ይገባል። በትራይኤቲልአሚን ሞከርኩት፤ በ89 ዲግሪ የሚፈላ፣ የከረመ ዓሣ የሚሸት ፈሳሽ ነው። በድሬዳዋ የሚያዝያ ሙቀት ጠርሙሱን የከፈትኩ ዕለት ክፍሉ ባዶ ቀረ። ተውኩት። ሁለተኛው መንገድ የቴትራፕሮፒልአሞኒየም ነው፤ እሱ ስለማይተን ከጄሉ ጋር አብሮ ይደርቃል፤ ከሥር የሚተነው ውሃ ብቻ ነው።

ጄሉን በ80 ዲግሪ እያማሰልኩ አደረቅኩ፣ በሙቀጫ ፈጨሁ፣ አንድ ግራሙን በቴፍሎን ጽዋ አድርጌ አውቶክሌቩ (በግፊት የሚያበስለው ጥብቅ ዕቃ) ውስጥ ከውሃው በላይ አቆምኩ። 175 ዲግሪ፣ ሦስት ቀን። አዲስ አበባ የላክሁት ናሙና የኤክስሬይ ውጤት ሲመጣ የክሪስታል ምልክት የሆኑት ሹል ጫፎች ሳይሆኑ አንድ ሰፊ ጉብታ አሳየ፤ ጄሉ ክሪስታል አልሆነም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ውሃውን ነው፤ የከተማችን ውሃ ማንቆርቆሪያውን ሁሉ ነጭ ቅርፊት ያለብሳል። የእኔ ግን የተጣራ ነበር። ሁለተኛውን ሙከራ ስከፍት ጥፋቱን አየሁት፤ ዱቄቱ መሐል በጠብታ ተቦርቡሮ ረጥቧል። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሬ ነበር። ባለ 50 ሚሊ ሊትሩ ዕቃ በ175 ዲግሪ በእንፋሎት መልክ የሚይዘው ሩብ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። በዚያ ላይ ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ክዳኑ በቀዘቀዘ ቁጥር ያልበዋል፣ ላቡም ጄሉ ላይ ይንጠባጠባል።

እናቴ እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን ዘንበል አድርጋ የምታነሣው ለዚሁ ነው። እኔም ከጽዋው በላይ ዘንበል ያለ የቴፍሎን ጣሪያ ሠራሁ፣ ውሃውን ወደ ግማሽ ሚሊ ሊትር አወረድኩ። በሦስተኛው ሙከራ የኤክስሬዩ ሹል ጫፎች የዜድኤስኤም-5 በሆኑት ማዕዘኖች፣ በ7.9፣ በ8.8 እና በ23.1 ዲግሪ ቆመው መጡ።

ቅርጽ አስያዡን ከቀዳዳዎቹ ለማስወጣት ዱቄቱን እስከ 550 ዲግሪ ሳሞቀው፣ የሸሸሁት ሽታ ከምድጃው ብቅ አለ። የቤተ ሙከራው ጠባቂ በበሩ አንገታቸውን አስግገው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ዓሣ ነው የምትጠብሰው?» አሉኝ።