ደጀን ላይ አልነሳ ያለው ኤሲ

ዓባይ በረሃ ውስጥ ኤሲ ያስፈለገን ለሰው አልነበረም። ለሰውማ ማን አስቦ! ለኮንክሪት ነው።

የመንገድ ጥገና ላይ ነበርን፣ በጎጃም በኩል፣ ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ። እኔ የኤሌክትሪኩን ሥራ ነበር የምሠራው። ለድጋፍ ግንቡ ከሚሞላው ኮንክሪት ናሙና ተወስዶ በኪዩብ ይቀረጻል። ኪዩቡ በማግስቱ ከቅርጹ ይወጣና 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ውኃው ከሞቀ ኮንክሪቱ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይጠነክራል፤ በኋላ ግን መድረስ ካለበት ሳይደርስ ይቀራል። የ7ኛው ቀን ውጤት ያሞኛል ማለት ነው። በዚያ በረሃ ደግሞ ቀትር ላይ የበርሜል ውኃ ገላ ያስታጥባል።

ስለዚህ ለላቦራቶሪው ኮንቴነር 9,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የመስኮት ኤሲ ተገዛ፤ ማብሪያው በእጅ የሚዞር፣ ርካሹ ዓይነት። የመብራት መስመር ስላልነበረ የቤንዚን ጄኔሬተር አብሮት መጣ። ፎርማኑ "ታች ወርዶ ሳያዋርደን እዚሁ ሞክሩት" አለና ደጀን ካምፕ ግቢ ውስጥ አስነሳነው።

የኤሲው ፋን ዞረ። ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ሊነሳ ሲል ጄኔሬተሩ አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ብሬከሩ ወረደ። ደገምነው፤ ያው ነው።

ፎርማኑ ወደ ግዥ ሠራተኛው ዞረ። "ስንት ቆረጡልህ?"

"ጋሼ፣ ደረሰኙ እኮ አለ።"

"ደረሰኝማ ማን ያጣል!"

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። እውነቱን ለመናገር ሒሳቡ ለእሱ ይመሰክር ነበር። ኤሲው ላይ 850 ዋት ተጽፏል። ጄኔሬተሩ ያለማቋረጥ 2,500 ዋት እሰጣለሁ ይላል። ማንም ሰው ተርፎታል ነው የሚለው። ችግሩ፣ የተጻፈው 850 ዋት ኮምፕሬሰሩ መዞር ከጀመረ በኋላ ያለው ፍጆታ ነው። በሚነሳባት ቅጽበት ግን የአዘቦቱን አራትና አምስት እጥፍ አምፔር ይጠይቃል። ከሰከንድ በታች ነው የሚቆየው፤ ጄኔሬተሩ ግን የሚያንቀው እዚያው ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ጉልበት ያጣል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ 2,500 የተባለው ዋት ደጀን ላይ 1,900 ገደማ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም ለዝቅተኛ ቦታ ስለተስተካከለ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ይግታል። ጥቁሩ ጭስ ከዚያ ነው የመጣው። የድልድዩ አካባቢ ግን ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ይህን ስነግረው ፎርማኑ ሳቀብኝ። "ደጋ ያበረታል እንጂ መቼ ያደክማል?" የደጋ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም። ቢሆንም አውርደን እንድንሞክረው እሺ አለ።

ታች ወርዶ ተነሳ። እያቃሰተ፣ ግን ተነሳ። ግዥው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ደስታው አልቆየም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ጄኔሬተሩ ከኮንቴነሩ ይራቅልኝ አለ። ልክ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይገድላል። የቀን ሠራተኞቹ ወስደው 50 ሜትር ርቆ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር አቆሙት። የቀጠሉለት ኬብል ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ቀጭኑን ነው። ቀትር ላይ ኤሲው እምቢ አለ። ፎርማኑ ወዲያው "አላልኩም?" ብሎ ልጁን ፍለጋ ተነሳ።

ኬብሉ ሥራ ላይ እያለ 5 ቮልት ገደማ ነው የሚበላው፤ ያ ምንም አይደል። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ግን 20 ቮልት ያልፋል። ቮልቱ ሲወርድ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ የመነሻ ጉልበት ያጣል። ከዚህ የባሰውን ያየሁት ቤንዚን ሲሞሉ ነው። ኤሲውን ሳያጠፉ ጄኔሬተሩን ያጠፋሉ፤ ሞተሩ ሳይበርድ ይሞላሉ (በእሳት መጫወት ነው)፤ ወዲያው ያስነሳሉ። የኤሲው ጋዝ ግፊት በሁለቱም በኩል እኩል እስኪሆን ወደ 3 ደቂቃ ይፈልጋል። ሳይመጣጠን ከተነሳ ኮምፕሬሰሩ ሙሉ ግፊት ተሸክሞ ነው የሚታገለው።

ጄኔሬተሩን ወደ 20 ሜትር አቀረብነው፣ ነፋሱ ጭሱን ከኮንቴነሩ በሚያርቅበት በኩል። ኬብሉ በባለ 2.5 ተቀየረ። መጀመሪያ ኤሲ ይጠፋል፣ ከዚያ ጄኔሬተር፤ ሲነሳ ደግሞ ጄኔሬተሩ ቀድሞ ኤሲው ቆይቶ። ባለሙያው በዚያው መስመር ላይ የሰካትን የኤሌክትሪክ ሻይ ማፍያም ነቀልኩበት። ብቻዋን 1,800 ዋት ትበላ ነበር! በዚህ ትንሽ ተቀያየምን።

እኔን ቢጠይቁኝ ከመጀመሪያው ኢንቨርተር ኤሲ ነበር የሚገዛው። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ያ ሁሉ ግርግር አይኖርም ነበር።

ይቅርታ የሚባል ነገር ከፎርማኑ አፍ አልወጣም። ለሌላ ሳይት ዕቃ ሲገዛ ግን ያንኑ ልጅ አስጠርቶ "ኢንቨርተር መሆኑን አይተህ ግዛ፤ ጄኔሬተሩ የሚቆመው ደጋ መሆኑን ለሻጩ ንገረው" ብሎ ላከው። ልጁ ደረሰኙን በሦስት ኮፒ ይዞ ተመለሰ።