የጢስ ዓባይ ድርሻ

መስከረም 25 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር

ዛሬ እሑድ ከአጎቴ ጋር ጢስ ዓባይ ውለን መጣን። ወደ ባሕር ዳር በመጣሁ ቁጥር "ልውሰድዎት" እያልኩ የከረምኩት ነገር ነበር። እሳቸውም ጎሕ ሳይቀድ ለባብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ጠበቁኝ።

ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ማሳው ሁሉ ለምልሟል፤ አደይ አበባው የመንገዱን ዳር ይዞታል። ስለ መንገዱ ሌላ የምለው የለኝም፤ ልቤ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ ቲኬት ቆርጠን ቁልቁል ስንወርድ መጀመሪያ ያገኘነው አላታ ድልድይን ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ ዛሬም ሰውና ከብት ያሻግራል። አጎቴ መሐሉ ላይ ቆመው ጥቂት ወደ ታች ተመለከቱና "ይህን የሠሩ እጆች ይባረኩ" አሉ። ከድልድዩ ወዲያ ያለው ዳገት ያደክማቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ሰባውን አልፈዋልና። ቅልና ነጠላ ከሚሸጡት ልጆች አንዷ ግን ሳንለምናት ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። እግዜር ይስጣት።

ውኃው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ጥቂት ሲራመዱ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጉብታው ያልቅና ፊት ለፊት ይገጥማል። ዛሬ ሞልቶ ነበር። ጥቁሩ ገደል በየቦታው በነጭና በቡና ዓይነት ውኃ ተሸፍኖ፣ ድንጋዩ የሚታየው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ከፍታው 42 ሜትር ያህል፣ ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ እዚያ ቆሞ ለሚያየው ግን ቁጥሩ ምንም አይነግረውም። በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግረን እየተጠጋን ስንሄድ ጭሱ ልብሳችንን አረጠበው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ቀስተ ደመናው ወጣ። አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ እንባዬ መጣ፤ አልጠረግሁትም፤ ፊቴ እንደሆነ አስቀድሞ ርሷል።

በልጅነቴ ጢስ ዓባይን ያወቅሁት በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ነበር። ዳቦ ልገዛ ስላክ ብሩን ዘርግቼ ፏፏቴውንና አጠገቡ ያሉትን ወፎች እያየሁ እሄድ ነበር። አንድ ብር ሳንቲም ከሆነ ወዲህ ያደጉ ልጆች ይህን ሥዕል በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ስለዚህ ሥፍራውን ራሱን ማየት አለባቸው ብዬ አምናለሁ። የሚያዩት ግን የሚመጡበት ወር ይወስነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፏፏቴው ራስ በላይ ያለው ቦይ ውኃውን ጠልፎ የመብራት ማመንጫዎቹን ተርባይኖች ካዞረ በኋላ ከፏፏቴው በታች ይመልሰዋል። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፤ ከውኃው የሚወስደው ጥቂት ነው። 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ሲጨመር ግን የሚጠለፈውም በዚያው ልክ በዛ። ላይ ደግሞ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠር በር ተሠርቶለታል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ የሚወስደውን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ያወርዳል፤ ያ ውኃ ጢስ ዓባይን ጨርሶ አያገኘውም። ስለዚህ በበጋ፣ በተለይ ከየካቲት ወዲያ፣ ገደሉ ባዶውን ይቆምና በአንድ ጥግ ቀጭን ውኃ ይወርዳል።

ከፏፏቴው ማዶ ቡና የምታፈላ እናት ይህን ስናወራ ሰማችና ገባችበት። "በሚያዝያ የሚመጣው እንግዳ እኛን ነው የሚቆጣ" አለች። "ፏፏቴው የታል? ይለናል። ምን ብለን እንመልስ? ቡናም ሳይጠጣ ይሄዳል።"

እኔ ተቆጣሁ። መብራት ያስፈልገናል፤ በጨለማ ማጥናት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም በበጋ ውኃው በገደሉ ላይ የሚለቀቅባቸው ቀናት ተለይተው ቢታወጁ፣ እንግዳውም ቀኑን አውቆ ቢመጣ፣ ለባለ ታንኳውም ለቡና አፍይዋም እንጀራ ይሆናል አልኩ። ደግሞም ዓባይ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ እዚህ ሲደርስ መውደቂያው ሊነፈገው አይገባም አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኛል።

አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ያሳለፉት በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ ይሠራ የነበረው በዚሁ ውኃ መብራት ነው።

"ልጄ፣ የእናትህን ደብተር የገዛው ይህ ውኃ ነው" አሉኝ። "እኔ ማሽኑ ሲቆም አይቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ፈትሉ ይበጠሳል፣ ሠራተኛው ቁጭ ይላል። ፏፏቴው ቀነሰ ብዬ አላዘንኩም ነበር፤ ወደ እኛ መጣ ነው ያልኩት።"

መልስ አጣሁ። እናቴ የተማረችው በእሳቸው ደመወዝ ነው፤ እኔም በእሷ። ትንሽ ቆይቼ "አጎቴ፣ ያበላንን ነው እኮ ድርሻውን እንስጠው የምለው" አልኳቸው።

ነገሩን አልገፉበትም። በሞተር ጀልባ ወንዙን ተሻግረን፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠን ግማሽ መንገድ ከመጣን በኋላ ነው የተናገሩት። "ለጥምቀት ቢለቁትስ? ጥር ላይ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ከጠዋት እስከ ቀትር ቢሆን ፋብሪካም አይጎዳ።" እኔ ገናን ጨመርኩ፤ እሳቸው ፋሲካን። ፋሲካ ላይ ውኃው በጣም ያንሳል ብዬ ስከራከር "ታዲያ ለዚያ ነው እንጂ!" አሉኝ።

ውኃው በእነዚያ ቀናት እንዲለቀቅ የምንጠይቅበትን ደብዳቤ ነገ እጽፋለሁ። በእሳቸው ስም ይሁን ብለዋል፤ ከስማቸው ሥር "የፋብሪካው ጡረተኛ" የሚለው እንዳይቀር አስጠንቅቀውኛል።