ከዚህ ሽጉጥ ወጥቷል ወይስ ሊወጣ ይችላል?

በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አብዛኛውን ቀን የምውለው በትራፊክ ክስ፣ በቤት ኪራይ ክርክርና በፍቺ ጉዳይ ላይ ነው። አልፎ አልፎ ግን የጦር መሣሪያ ያለበት የወንጀል ክስ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ከተከሳሹ ጎን ተቀምጬ ምስክሩ የሚናገረውን ሁሉ በሹክሹክታ በጆሮው አወርዳለሁ። በሥራ ላይ የሰማሁትን እንዳላወጣ መሐላ ስላለብኝ እዚህ የምጽፈው ስለ ሰዎቹ ሳይሆን ስለ አንድ ሐረግ ነው።

ሐረጉ በእንግሊዝኛ «ኮንሲስተንት ዊዝ» የሚሉት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የጦር መሣሪያ መርማሪ፣ በሀገራችን የሕግ አነጋገር «ልዩ አዋቂ» የሚባለው ዓይነት ምስክር፣ ስለ አንድ አረር ሲመሰክር ይህን ሐረግ ተጠቀመ፤ እኔም ለማሰብ ጊዜ ስላልነበረኝ «ይገጥማል» ብዬ አወረድኩት። በዕረፍቱ ሰዓት ተከሳሹ ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲህ ከእኔ ሽጉጥ ነው የወጣው አሉ ማለት ነው?» አለኝ። አስተርጓሚ ማብራራት አይፈቀድለትምና ጠበቃህን ጠይቅ ብዬ ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ እራት እየበላሁ ነው ጥፋቴ የታየኝ። ምስክሩ ያለው «ከዚህ ሽጉጥ መውጣቱን የሚያፈርስ ነገር አላየሁም» ነው፤ እኔ ለሰውየው ያደረስኩለት ደግሞ ቁልፍ ከቁልፍ ጉድጓዱ ጋር እንደሚገጥም ነው። በማግስቱ ጠዋት ለዳኛዋ አስታውቄ ስሕተቱ በመዝገብ ላይ እንዲታረም አደረግሁ፤ ሰውየው ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ያልተባለ ነገር ይዞ አድሯል።

ከዚያ ወዲህ ይህን ሙያ በትርፍ ጊዜዬ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የራሳችን ቋንቋ ነው፤ ጥይት ስንል ሙሉውንም፣ ተተኩሶ የሄደውንም፣ አንዳንዴም ወድቆ የቀረውን ባዶውንም ማለታችን ነው። በፍርድ ቤት ግን ከሟች ሰውነት የወጣው አረርና መሬት ላይ የተለቀመው ቀለህ የተለያየ ታሪክ የሚናገሩ ሁለት ኤግዚቢቶች ናቸው። የሽጉጥ አፈሙዝ ውስጡ ልሙጥ ቱቦ አይደለም፤ አረሩ እየተሽከረከረ እንዲወጣ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸውበታል፤ አረሩም በእነዚያ መካከል ተጨምቆ ሲያልፍ ጎኑ ላይ ጭረት ይዞ ይወጣል። ቀለሁ በበኩሉ ቂጡን የመታው መርፌ የሠራበትን ጉድጓድ፣ ባሩዱ ሲፈነዳም ወደ ኋላ ተገፍቶ ከተላተመው ብረት የወሰደውን አሻራ ይዞ ይቀራል።

ፖሊስ ከወንጀሉ ቦታ አረር፣ ከተጠርጣሪው ደግሞ ሽጉጥ ይዞ ሲመጣ መርማሪው በዚያው ሽጉጥ ውኃ በሞላ ረጅም ገንዳ ውስጥ ይተኩሳል፤ ውኃው አረሩን ሳያበላሽ ያቆምለታል። ከዚያ ሁለቱን አረሮች በንጽጽር ማይክሮስኮፕ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ይህ መሣሪያ ሁለት ማይክሮስኮፖች በአንድ ድልድይ የተገናኙበት፣ ሁለቱን ነገሮች በአንድ መስኮት ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መስመር ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ ፊሊፕ ግራቬልና ካልቪን ጎዳርድ ኒው ዮርክ ውስጥ ለጥይት ምርመራ ካዋሉት ጊዜ አንሥቶ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም። መርማሪው የቀኙን አረር ቀስ እያለ እያዞረ፣ ጭረቶቹ መስመሩን ተሻግረው ከግራው ጭረቶች ጋር የሚቀጥሉበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ሲያገኝም «በቂ መመሳሰል አለ» ይላል። በቂው ስንት ጭረት ነው ለሚል ሰው የተቆረጠ ቁጥር የለም። በሙያው ማኅበር መመዘኛ መሠረት መመሳሰሉ በቂ የሚባለው፣ ሌላ መሣሪያ ይህን ምልክት ሊሠራ አይችልም ለማለት የሚያበቃ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለፕሬዝዳንት ኦባማ ሪፖርት ያቀረበው የሳይንስ አማካሪዎች ምክር ቤት ይህን አባባል ዞሮ ራሱ ላይ የሚወድቅ ብሎታል፤ እኔም ስተረጉመው የተሰማኝ ይኸው ነው።

አያቴ ከሩቅ ተኩስ ሲሰሙ «ይኼ ምንሽር ነው»፣ «ይኼኛው ቤልጅግ ነው» ይሉ ነበር፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም። የማን ምንሽር እንደሆነ ስንጠይቃቸው ግን «እሱን እንግዲህ ሲመጡ ማየት ነው» ነበር መልሳቸው። በላቦራቶሪም ልዩነቱ እዚያው ላይ ነው። የአረሩን ውፍረት፣ የቦዮቹን ብዛትና ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ መዞራቸውን ማንበብ የዓይነት ዕውቀት ነው፤ ይህ ብዙም አያከራክርም፤ ቦያቸው ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚዞር ሽጉጦችን ሁሉ ከክሱ ያስወጣልና ንጹሕ ሰውን ነጻ ለማውጣት ትልቅ ጉልበት አለው። ከዚያ አልፎ «ከአንድ ፋብሪካ ከወጡት አምሳያዎቹ ሁሉ ተለይቶ ይኸኛው ነው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ፋብሪካው በአንድ መቁረጫ ተከታትሎ የሠራቸው ሽጉጦች የጋራ ጠባሳ ሊኖራቸው ይችላል፤ በሌላ በኩል አንዱ ሽጉጥ ራሱ ሲያረጅ፣ ሲዝግና ሲጸዳ ምልክቱ ይለወጣል።

የምሠራበት ክፍለ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ ፊት ለፊት የገጠመው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 አብሩኳ በሚባለው መዝገብ ነው። ክሱ የመጣው ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ነው። መርማሪው ከግድያው ቦታ የተገኙ 4 አረሮችና 1 ስባሪ፣ ተከሳሹ የእኔ ነው ካለው .38 ካሊበር ታውረስ ሪቮልቨር የተተኮሱ ናቸው ብሎ ያለ ምንም ገደብ መስክሮ ነበር። ፍርድ ቤቱ 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ይህ ምስክርነት በዚህ መልኩ መቅረብ አልነበረበትም ብሎ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መለሰው። መርማሪው ሊል የሚችለው ምልክቶቹ ከዚያ ሽጉጥ ከሚወጡት ጋር «ኮንሲስተንት» ናቸው ወይም አይደሉም ብቻ ነው አለ። ውሳኔውን ሳነብ ፈገግ ማለቴን አልደብቅም፤ እኔን ያሳተኝ ሐረግ ይኸው የሕግ መፍትሔ ሆኖ መጣ።

ዳኞቹ ካመዛዘኗቸው ጥናቶች አንዱ አይዋ ውስጥ የሚገኘው ኤምስ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው ያለው። 218 መርማሪዎች በ25 ሩገር ሽጉጦች የተተኮሱ ቀለሆች ተሰጧቸው። ከተለያዩ ሽጉጦች የመጡ ቀለሆችን 2,178 ጊዜ አነጻጽረው በ1,421ዱ «ከአንድ ሽጉጥ አይደሉም» ብለው በትክክል መለሱ፤ በ22ቱ «ከአንድ ሽጉጥ ናቸው» ብለው ተሳሳቱ፤ በቀሩት 735 ደግሞ «መወሰን አይቻልም» አሉ። 22ን ለ2,178 ያካፈለ ሰው የስሕተቱ መጠን 1 በመቶ ብቻ ነው ይላል፤ ዐቃቤ ሕግ ለጁሪ፣ ማለትም ጥፋተኝነትን ለሚወስኑት ተራ ዜጎች፣ መንገር የሚወደውም ይህን ቁጥር ነው። «መወሰን አይቻልም» ያሉትን አውጥቶ ቁርጥ ያለ መልስ የተሰጠባቸውን ብቻ የቆጠረ ግን ከ66 አንድ ስሕተት ያገኛል። ትክክለኛው መልስ በእያንዳንዱ ላይ «አይደለም» ነበርና አለመወሰንም ስሕተት ነው የሚል ካለ ቁጥሩ ከ3 አንድ ያልፋል። ይህ የመጨረሻው አቆጣጠር ለእኔ ይበዛብኛል፤ አላውቅም ማለት ከሐሰት እኩል መቆጠር የለበትም። የማይዋጥልኝ ሌላ ነገር ነው፤ ተፈታኙ እየተፈተነ መሆኑን ያውቃል፤ «መወሰን አይቻልም» ማለት ነጥብ እንደማያስቀንሰውም ያውቃል። መርማሪ ፖሊሱ ስልክ ደውሎ «ሰውየው ተይዟል፣ የቀረን የጥይቱ ነገር ብቻ ነው» ባለው ቀን ስንት ጊዜ «መወሰን አይቻልም» እንደሚል ያ ፈተና አይነግረንም። በአብሩኳ መዝገብ በሐሳብ የተለዩት ሦስት ዳኞች እንዲህ ያለውን ጉድለት ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ አውጥቶ ጁሪው ይመዝነው ወደሚለው አዘንብለዋል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል።

በወረቀት ላይ ያምራል የምለው የአንቶኒ ሬይ ሂንተንን ጉዳይ ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በበርሚንግሃም፣ አላባማ አካባቢ በምግብ ቤቶች ዝርፊያ ሁለት ሥራ አስኪያጆች ተገደሉ፤ ከሦስተኛው ዝርፊያ የተረፈው ሰው ሂንተንን በፎቶ ለየው፤ ሂንተን ግን በዚያች ሌሊት በሥራ ቦታው፣ በሚቆለፍ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ ብሏል። ፖሊስ ከእናቱ ቤት አንድ አሮጌ .38 ሪቮልቨር ወሰደ፤ የክፍለ ግዛቱም መርማሪዎች ስድስቱም አረሮች ከዚያ ወጥተዋል አሉ። በሁለቱ ግድያዎች ላይ ከዚያ ሽጉጥ በቀር ከሂንተን ጋር የሚያገናኝ ተጨባጭ ዕቃ አልነበረም። ጠበቃው ሕጉ ለባለሙያ ከ1,000 ዶላር በላይ እንዲከፈል አይፈቅድም ብሎ አመነ፤ ያ ገደብ ከተነሣ ግን ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። በዚያ ገንዘብ ያገኘው ሰው ሲቪል መሐንዲስ ነበር፤ አንድ ዓይኑ አያይም፤ በላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕ መጠቀም ቸግሮት እንደነበርም በችሎት አምኗል። ዐቃቤ ሕጉ በጁሪው ፊት ስንት ዓይን እንዳለው ጠየቀው፤ አንድ ብሎ መለሰ። ሰውየው ያለው ነገር ትክክል ነበር፤ አረሮቹ ከዚያ ሽጉጥ ስለመውጣታቸው ማረጋገጫ የለም ነበር ያለው፤ የሚያምነው ግን ጠፋ። በ2002 ሦስት የተከበሩ መርማሪዎች ያንኑ ደገሙት፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 የጠበቃው ሥራ ከሕጉ መመዘኛ በታች ነበር አለ፤ ሂንተን ከእስር የወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2015 ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ አብዛኛውን የሞት ፍርደኞች ክፍል ውስጥ። መስቀለኛ ጥያቄ ያን ቀን ሥራውን ሠርቷል፤ የሠራው ግን ለተሳሳተው ወገን ነው።

ሌላም አለ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ሕግ፣ በክፍለ ግዛቱ ከሚሸጥ ከእያንዳንዱ አዲስ የእጅ ሽጉጥ የተተኮሰ አንድ ቀለህ ለፖሊስ እንዲሰጥ አስገድዶ ነበር፤ ሐሳቡ ወንጀል ሲፈጸም ኮምፒውተሩ ቀለሁን አይቶ ሽጉጡን እንዲጠራ ነበር። ፓይክስቪል በሚገኘው የፖሊስ ዋና መምሪያ ሥር፣ ለኑክሌር ጦርነት ተብሎ በተሠራ መጠለያ ውስጥ ከ300,000 በላይ ቀለሆች በየፖስታቸው ተከማቹ። ኮምፒውተሩ ለአንዱ ቀለህ ሊሆኑ የሚችሉ ብሎ የሚደረድረው ስም መጨረሻ ስላልነበረው ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት አንድም ወንጀል ሳያስፈታ ሕጉ በ2015 ተሻረ። ያ ሁሉ ቀለህ ተደርድሮ ማሽኑ ለመለየት ሲያቅተው፣ አንድ ሰው በማይክሮስኮፕ ጎንበስ ብሎ «ይኸኛው ብቻ ነው» ሲል ጁሪው ለምን እንደማይደነቅ አይገባኝም። ለፍትሕ ያህል፣ ማሽኑና ሰውየው የሚያዩት አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሠለጠነ ዓይን ብዙ ነገር ይለያል፤ ምስክር ሆነው ሲቀርቡ «እስከዚህ ድረስ ነው የማውቀው» የሚሉ ጨዋ መርማሪዎችንም ሰምቻለሁ።

የአብሩኳ ውሳኔ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። «ኮንሲስተንት» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቀር ጁሪው የሚሰማው እኔ በመጀመሪያው ቀን የሰማሁትን ነው። ከስንት ሽጉጦች ጋር «ኮንሲስተንት» ሊሆን እንደሚችል ካልተነገረ፣ በዚያው ፋብሪካ የተሠሩ ሌሎች ታውረሶችም ይህን ጭረት ሊተዉ ይችላሉ ካልተባለ፣ ቃሉ ሰውየውን ከመታሰር አያድነውም፤ መርማሪውን ከመጠየቅ ብቻ ያድነዋል።

በሥራ ቦርሳዬ ውስጥ ያለች የቃላት ደብተር አለችኝ፤ ለዚህ ሐረግ የተውኩት ገጽ ተሰርዞ ተሰርዞ ጠቁሯል። «ይገጥማል» ተሰርዟል። «ይስማማል» ተሰርዟል፤ ሁለት ሰዎች የታረቁ ይመስላል። «አይቃረንም» ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ እሱም ተሰርዟል፤ በሹክሹክታ ፈጥኖ ሲባል መጨረሻው ይዋጥና «ይቃረናል» ሆኖ ይሰማል። አሁን የምጠቀምበት «ከዚህ ሽጉጥ ሊወጣ ይችላል፤ ከሌላም ሊወጣ ይችላል» የሚለው ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ምስክሩ በአፉ አላለውምና መጨመር አልችልም ብዬ አንዴ ቆርጬው ነበር፤ ከአንዲት አንጋፋ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሁለት ሰዓት ተከራክረን፣ «ሊወጣ ይችላል» በአማርኛ ብቻውን ሲቆም «ወጥቷል» ወደማለት ያዘነብላል ስትለኝ መልሼ ጻፍኩት፤ እሷ ግን ያልተባለውን አትጨምር ብላ እስከ ዛሬ በዚያ ግማሽ አልተስማማችም። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ ምስክሩ ወደሚቀጥለው መልስ ሲያልፍ እኔ ገና «ከሌላም» ላይ ነኝ፤ ስለዚህ እሱን አፍጥኜ እጨርስና ያለፈኝን ለማግኘት እሮጣለሁ።