የ0.04 ጉድለት

መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሊሆነው ነው። ኮዬ ፈጬ ላይ መብራት ሄደ ማለት ወሬ አይደለም፤ ወሬው ዛሬ እኔን አለማናደዱ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጄሪካኔን እያንጠለጠልኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ጭቃ የጠገበ ጫማዬን በር ላይ ጣልኩ፣ በረንዳው ላይ ፈርኔሎ አያያዝኩና ንፍሮ ጣድኩ። ከዚያ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ማታ አለ አይደል፤ "አዝነሻል?" ቢሉኝ አላዘንኩም፣ "ደህና ነሽ?" ቢሉኝ ግን ለመመለስ ትንሽ አስባለሁ።

ሽምብራውን መዘፍዘፍ ረስቼ ስለነበር ገና ድንጋይ ነው። እዚህ ደጋ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92፣ ቢበዛ በ93 ዲግሪ ስለሆነ ከሰል ብጨምር እንፋሎቱ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ይኼን አንዴ ለእናቴ ሳስረዳት በትዕግሥት ሰማችኝና "ታዲያ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኚበት" አለችኝ። ልክ ናት። ለዚህ እንደ እኔ ሦስት ዓመት ፊዚክስ አልተማረችም።

ለማንኛውም፣ የእህቴ ልጅ። ቀን ላይ ወረፋው ሲያስጨንቀኝ ቴሌግራም ልኮልኝ አሁን ነው ያየሁት። ፍሬሽማኑን ጨርሶ ዲፓርትመንት ተመድቧል። አንድ ዓመት ሙሉ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ምናምን ሲማር ከርሞ፣ ሶፍትዌርን አንደኛ ምርጫ አድርጎ ሞልቶ፣ ፊዚክስ ደረሰው። "ደረሰው" ነው የሚባለው፤ እንደ ዕጣ። እኛ አገር ኮንዶሚኒየምም ይደርሳል፣ ፊዚክስም ይደርሳል። ለእኔ የደረሰኝ ፊዚክሱ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙን ተከራየሁት።

የላከው የኮርስ ዝርዝር ፎቶ ነው። ሥሩ ላይ "አክስቴ፣ ከነዚህ ውስጥ የሚገድለው የቱ ነው?" የሚል አለበት። ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ያለው ጥያቄ "ሥራ አለው ወይ?" እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አክብሮኝ ዘለለው። ባንክ መስኮት ላይ ብር የምትቆጥር አክስት ያለችው ልጅ ይኼን ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ስልኬ 31 ፐርሰንት ላይ ነው፤ ቢሆንም ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት። ሜካኒክስ። ኤሌክትሮማግኔቲዝም። ዌቭ ኤንድ ኦፕቲክስ። ሞደርን ፊዚክስ። ማቲማቲካል ሜተድስ አንድ እና ሁለት። ክላሲካል ሜካኒክስ። ኤሌክትሮዳይናሚክስ። ስታቲስቲካል። ኳንተም አንድ፣ ኳንተም ሁለት። ሶሊድ ስቴት፣ ኒውክሌር፣ ኤሌክትሮኒክስ፤ በየመሐሉ ደግሞ ላብ (ላብራቶሪው)፣ ላብ፣ ላብ። እኔ በ2002 ስገባ ፍሬሽማን የሚባል ዓመት አልነበረም። የ70 በ30 ሰሞን ነው፤ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተብሎ ጎርፍ ሆነን የገባን ነን፤ ይኼንኑ ዝርዝር በሦስት ዓመት ግተውን ነበር። የነሱ አራት ዓመት ነው። በዚያ ላይ መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተና አለባቸው፤ ከ2015 ወዲህ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ማን እንደተጠቀመ እንጃ።

መልሱን መጻፍ ጀመርኩ። "ስሙን ሰምተህ የምትፈራው ኳንተምን ነው፤ የሚገድልህ ግን ማቲማቲካል ሜተድስ ነው። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽኑን፣ ፉሪየሩን፣ ሌዣንድሩን እዚያ ሸምድደህ ካለፍክ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስና ኳንተም ላይ ዕዳውን ከነወለዱ ትከፍላለህ።" ይኼን ጽፌ ሳልልከው ዓይኔ የእጅ ባትሪዬ ላይ ተተከለ።

ባትሪውን የመጋረጃው ብረት ላይ በሲባጎ ነው የሰቀልኩት። በረንዳው ክፍት ስለሆነ ነፋስ ሲገባ ይወዛወዛል። የድስቱ ጥላ ግድግዳው ላይ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይረዝማል። እኔም ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ሥራዬ ነዋ።

ይኼኔ ነው ሐሳቡ የመጣው። ያ ዝርዝር በሙሉ ይኼ ባትሪ አይደለም እንዴ? አንደኛ ዓመት ሜካኒክስ ላይ በክር የተንጠለጠለ ኳስ፣ ፔንዱለም የሚባለውን፣ ሰጡን፤ ከመሐል በራቀ ቁጥር ወደ መሐል የሚጎትተው ይበረታል። ዌቭ ላይ ያንኑ አንድ ሺህ አድርገው እርስ በርስ አሰሩልንና "ሞገድ" አሉት። ኤሌክትሮኒክስ ላይ ኳሱ ቀርቶ ቻርጅ ሆነ፤ በሽቦ ጥቅልሉ በኩል ከካፓሲተሩ አንድ ጎን ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ቀመሩ ፊደሉ ተቀየረ እንጂ ያው ነው። ክላሲካል ሜካኒክስ ላይ ሁለት ገጽ የፈጀብንን የኃይል ሥዕል ጥለን ላግራንዢያን በሚባል ዘዴ አንድ መስመር ተደረገ። ያው ባትሪ ነው። ሶሊድ ስቴት ላይ አንስታይን በ1907 በጠጣር ነገር ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን አተም እንዲህ ባለ ዥዋዥዌ መስሎ፣ ነገሮች በጣም ሲቀዘቅዙ ሙቀት የመያዝ ዐቅማቸው ለምን እንደሚወርድ አስረዳበት። ኳንተም ላይ ደግሞ ለጉልበቱ ደረጃ ተሠራለት፤ እንደ ፎቃችን፣ መሐል ላይ መቆም የለም። የሚገርመው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ወርዶ እንኳ አያርፍም፣ ግማሽ ትቀረዋለች። (ኒውክሌሩን አልመሰክርም፤ እሱን በሽምደዳ ነው ያለፍኩት።)

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዥዋዥዌ ልብስ እየቀያየረ ሲመጣብን፣ እኛ በየሴሚስተሩ አዲስ እንግዳ የመጣ መስሎን ስንደነግጥ ኖርን። ሃንድአውት ላይ አልተጻፈም፤ መምህርም "ያው የበፊቱ ነው እኮ" አላለንም። ወይ ብለውን እኔ ተኝቼ ነበር።

እና ፔንዱለም ካነሳሁ የመጀመሪያው ላባችንን ሳላነሳ አላልፍም። ታሪኩን የምታውቁት እለፉት።

አምስት ሆነን አንድ ስቶፕዎች ይዘን ነው። ክሩ አንድ ሜትር፣ ሃያ ውዝዋዜ መቁጠር፣ አምስት ጊዜ መድገም፣ ከዚያ ትንሿን ጂ (መሬት የሚወድቅን ነገር የምታፈጥንበትን መጠን) ማውጣት። መልሱ 9.81 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር እንደሆነ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማንም ያውቃል፤ ላቡ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ነው። የእኛ አማካይ 40.26 ሰከንድ መጣ። ስናሰላው 9.74። ከእኛ በፊት የገባው ግሩፕ ሪፖርት ላይ "ለምን 9.81 አልሆነም?" ተብሎ በቀይ ተከቦ አይተናል። እኔ የዋህ "እንድገመው" አልኩ። ላብ ፓርትነሬ ምሳ ሰዓት ደርሶባት "አንቺ ደግሞ፣ ፊዚክስን ልታርሚ ነው?" አለችኝና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። እኛ ጋ ዳታ "ኩክ ማድረግ" ይባላል። ከአምስቱ ሁለቱን ትንሽ ዝቅ፣ አማካዩ 40.13፣ ጂ 9.806። ስህተት፦ ከአንድ ከመቶ በታች። ከአሥር አሥር አገኘን። ካፌ ሽሮው ሳያልቅ ደረስን።

ስመረቅ ረሳሁት። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ስልኬ ዘግቶብኝ፣ የማስበው ሳጣ በጭንቅላቴ አሰላሁት። ጂ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ዋልታዎቹ ላይ 9.83 ነው፤ ምድር ወገብ ላይ 9.78። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በዚያ ላይ ደጋ ነን፤ በየሺህ ሜትሩ ወደ 0.003 ይቀነሳል። የእኛም ግቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ነበር። ስለዚህ እዚያ ላብ ውስጥ፣ እዚያ ክር ላይ፣ ትክክለኛው መልስ 9.77 ገደማ ነው። 9.81 አይደለም! ያ 9.74ታችን ለእውነቱ ኩክ ካደረግነው እኩል ገደማ ይቀርብ ነበር። ይኼን ሁሉ ደግሞ እዚያው ሜካኒክስ ኮርስ ውስጥ ተምረነዋል፤ ለሚድ ሠርተነዋል። የተማርነውንና የለካነውን ያገናኘ ግን አልነበረም፤ የሰልፉ ሰዎች ሳቄን ሰምተው ዞር አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አልረሳም። ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የከዋክብት ተመራማሪ እንደ ፈረንጆቹ በ1672 ፓሪስ ላይ የተስተካከለ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ደቡብ አሜሪካ ካየን ሄደ፤ እሷም እንደ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ሰዓቱ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ወደ ኋላ ቀረበት። ሰውየው ሰዓቱን አልሰደበም፣ ቁጥሩንም አልነካካም፤ ፔንዱለሙን በሦስት ሚሊሜትር ገደማ አሳጠረና ያየውን እንዳየው ጻፈ። በኋላ ኒውተን መሬት ወገቧ ላይ ሰፋ ያለች ናት ብሎ ሲሟገት ያንን ጽሑፍ እንደ ማስረጃ አቀረበው። ሪሼ የእኛ ግሩፕ ውስጥ ቢሆን ኖሮ መሬት እስካሁን ፍጹም ድቡልቡል ነበረች።

ባንክ ውስጥ እንዲህ የለም። ማታ ካሽ ስዘጋ 200 ብር ከጎደለ ጎደለ ነው፤ ከኪሴ እሞላለሁ። ሁለቱን ትንሽ ዝቅ፣ ሦስቱን ትንሽ ከፍ የሚባል ጨዋታ የለም። አንዳንዴ ፊዚክስን በደንብ የተማርኩት እዚያ መስኮት ላይ ይመስለኛል። እንዲህ ስል ደግሞ ራሴን ለማጽናናት ይሁን አላውቅም።

እሺ፣ አሁን ያደረግኩትን ልናገር፤ አትሳቁ።

ባትሪውን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። የቁም ሳጥኑን ጓጉንቸር ፈታሁ። ሲባጎው ላይ አሰርኩት፤ በልብስ ሰፊ ሜትር ከብረቱ እስከ ጓጉንቸሩ ሆድ አንድ ሜትር ለካሁ። የስልኬን ስቶፕዎች ከፈትኩና ለቀቅኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጓጉንቸሩ የከሰሉን ፍም እየታከከ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከጎን በረንዳ ያለችው ጎረቤቴ ሻማ ይዛ ብቅ ብላ ነበር። በጨለማ፣ በፍም ላይ፣ ጓጉንቸር በክር እያወዛወዘች በሹክሹክታ ቁጥር የምትቆጥር ሴት ስታይ "በስመ አብ ወወልድ" ብላ ገባች። ነገ የጠበል ምክር ይመጣልኛል።

የመጀመሪያው ሃያ ውዝዋዜ 40.7 ሰከንድ መጣ። ጂ 9.53። ይኼማ ሰፋ አድርጌ ስለለቀቅኩት ነው፤ ፔንዱለም በሰፊው ከተለቀቀ ይዘገያል፣ የታወቀ ነው። ጣልኩት። ሁለተኛው 40.4፤ 9.68 ገደማ። ጓጉንቸሩ እየተሽከረከረ ነበር፣ አይቆጠርም። ሦስተኛው ላይ ጠበብ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አውራ ጣቴን አዘጋጅቼ… 40.2።

9.77!

ደስታዬን አልነግራችሁም። ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፣ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት፣ ቀኑንም አደረግኩበት። ላብ ፓርትነሬ አጠገቤ ብትሆን ፊቷ ላይ ነበር የምወረውረው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ያደረግኩትን አየሁት። ሦስቴ ለካሁ፣ ሁለቱን ጣልኩ፤ የምፈልገው ሲመጣ ቆጠራው አበቃ። ሁለቱንም የጣልኩበት ምክንያት እውነት ነው፤ ግን ሦስተኛው 9.77 ባይሆን ኖሮ ለሱም ምክንያት አላጣም ነበር። አውራ ጣቴ ደግሞ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ቀድማ ብትጫን 40.1 ነው፤ 9.82። ማለትም በእኔ ጣትና በዚህ ስልክ የምድር ወገብንና የዋልታን ልዩነት ለመለየት መሞከር ቀልድ ነው። ታዲያ ያ የድሮው 9.74ስ? ከፍታው ነው ወይስ የአንዱ ልጅ ጣት? እውነት ነው የጣልነው ወይስ ስህተት? ሪፖርቱ የለም፤ ያ ግቢ ውስጥ በአንዱ ቢሮ ተቃጥሏል ወይም ቆሎ ተጠቅልሎበታል።

አራተኛ ልለካ ይሆን? 40.1 ቢመጣስ?

ልጁ "አክስቴ ተኛሽ እንዴ?" ብሏል። ስልኩ 12 ፐርሰንት ነው። ሽምብራው አሁንም ድንጋይ ነው። እናቴ እንዳለችው ክዳኑ ላይ የምጭነው ነገር በጨለማ ፈልጌ አጣሁና ጓጉንቸሩን ጫንኩበት።